አንዷ ጠጠር የት ገባች?

በጀርመን ፍራንክፈርት፣ ቦከንሃይም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በተዘጋጀ የፕሮግራሚንግና የጌም ዲዛይን ሥልጠና ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር



«ጌሙን ዝጋና አጥና!» የማይባልበት ቤት ያለን አይመስለኝም። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ሌሊቱን ስልክ ላይ ሲያፈጥ ያደረ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ዛሬ የተሰበሰብነው ግን ጌም ለመሥራት ነው። መሥራቱ ደግሞ ራሱ ጥናት ነው።

ልጆቹ የሚሠሩት ገበጣ ነው። 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48። እኛ ጠጠር ዘግነን አንድ አንድ እያደረግን ስናድል፣ መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ እጃችን ማንም ሳይነግረው ይዞራል። ኮምፒውተር ካልነገሩት አይዞርም። ከ12ኛው ቀጥሎ 13ኛውን ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የለም፤ ጠጠሯም የትም ሳትገባ ትቀራለች። ልጁ ሲደምር 47 ይመጣበታል። አንዷ የት ገባች? ትእዛዞቹን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ይፈትሻል፣ ይሞክራል፣ እንደገና ይደምራል። በመጨረሻ «ቁጥሩ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንስ» ብሎ ይጨምርና 48ቱ ይሞላሉ። እኔ ከዚህ ሥልጠና የምመኘው ይህንኑ ፍለጋ ነው። አሠልጣኞች፣ እባካችሁ መልሱን ቶሎ አትንገሯቸው።

የምንጠቀምበት የፕሮግራሚንግ መሣሪያ፣ ስክራች፣ በ2007 ከአሜሪካው ኤም አይ ቲ የወጣ ነው። ክፍያ የለውም፤ የአማርኛ ምርጫም አለው። ስለዚህ ጀርመንኛ የሚከብዳቸው እናት ከልጃቸው ጎን ቁጭ ብለው መከተል ይችላሉ።

የሄሰን ክፍለ ግዛት «ዲጊታለ ቬልት» (ዲጂታል ዓለም) የተባለውን ትምህርት በ2022/23 የትምህርት ዘመን በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ከ5ኛ ክፍል በሙከራ ጀምሯል። ያኔ 5ኛን ያለፉት ልጆቻችን አልደረሱበትም። የጎተ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ግን እዚሁ ቦከንሃይም፣ ሮበርት ማየር ሽትራሰ ላይ ነው የሚሰጠው። በዚያ በር በየቀኑ የሚያልፍ ልጅ አንድ ቀን እንዲገባበት እፈልጋለሁ።

«ለስደተኛ ልጅ ይሆናል?» ለምትሉ፣ ፍራንክፈርት ያለውን የጌም ኩባንያ ክራይቴክን በ1999 የመሠረቱት የቱርክ ስደተኞች ልጆች የሆኑ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። አዲስ አበባ ደግሞ ቅኔ ጌምስ የተባለው ኩባንያ «ኩኩሉ» የተባለውን ጌም ሠርቶ ከአሳዳጇ የምትሸሸውን ዶሮ በየስልኩ አስሩጧታል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል።

ወላጆች፣ ከሰዓት በኋላ እንዳትሄዱብን። የገበጣ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ስትወድቅ ምን ይሆናል? ተራው ያልፋል ወይስ ይበላል? ልጆቹ ይህን ሳይወስኑ ትእዛዙን መጻፍ አይችሉም፤ የሚጠይቁትም እናንተን ነው። ተከራከሩላቸው፣ በጠጠር እየተጫወታችሁ አሳዩአቸው። ጠጠሩና ገበጣው በስተቀኝ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቷል።

ሥልጠናው በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ።