ስለ ክረምት ተማሪዎች ማደሪያ የቀረበ የምስጋና ቃል
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ዕለት የተነገረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምናመሰግናቸው ወይዘሮ ስማቸው እንዳይጠራ ለምነውናል፤ ፈቃዳቸውን እንጠብቃለን። ስምን መሰወር ቢቻልም ሥራን መሰወር ግን አይቻልም። የአስኳላው ትምህርት በክረምት ሲዘጋ ፊደልና ዳዊት፥ ዜማና ቅኔ ሊማሩ ለሚመጡ ልጆች የታነጹት ማደሪያና ጉባኤ ቤት በፊታችሁ ቆመዋል።

አስቀድሜ በደሌን ልናዘዝ። እኚህ ወይዘሮ ገንዘብ ሊሰበስቡ በተነሡ ጊዜ ከተቃወሟቸው አንዱ እኔ ነበርሁ። «ዋሸራና ጎንጅ ሊቃውንትን ያፈሩት በሣር ጎጆ ነው፤ ቅኔ በቆርቆሮ ቤት አይገኝም» ብዬ ነበር። እርሳቸውም በትሕትና ሰምተው፥ «የኔታ፥ አብረውዎ ከተማሩት ስንቱ ለመምህርነት በቃ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ።

በተማሪነቴ ስድስት ሆነን በአንዲት ጎጆ እናድር ነበር። እኛ የጉባኤ ቃናን ሁለት ቤት ለመሙላት ስንጨነቅ፥ ከመካከላችን አንዱ የመወድስን ስምንት ቤት ቈጥሮ ይነግር ነበር። በሐምሌ ጎጆዋ አፈሰሰች፤ ደበሎው ረጠበ፤ ልጁንም ትኩሳት ያዘው። ዘመዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ግርሻ የሚባለው ትኩሳት በቅማል እንደሚተላለፍ፥ ልብስ መለወጫ የሌላቸው ሰዎች ተጨናንቀው በሚያድሩበት ቤትም እንደሚበረታ ሐኪሞች ያስረዳሉ። ለዚያ ወንድሜ ጽናት አልጐደለውም፤ የጐደለው ደረቅ መኝታ ነበር።

ተማሪ ሳለን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን አኩፋዳችንን ይዘን በየደጁ ቆመናል። ለራሱ የሚለምነውን ሰው ረኃቡ ይገፋዋል። እኚህ ወይዘሮ ግን በቤታቸው እንጀራ ሳለ ለሌላ ሰው ልጅ ለመኑ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ገበያ ተመላለሱ። ገንዘብ የሌለው ገበሬ በቆሎና በርበሬ ሰፈረላቸው፤ ሌላው ባሕር ዛፍ ቈረጠ፤ ምንም የሌለው ጭቃ ረገጠ። «እንግዲህ ደግሞ መጣች» ያላቸውም ሰው አልጠፋም፤ እርሳቸው ግን ዳግመኛ ወደ ደጁ ሄዱ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ሒሳባቸው ነው። ለደብተራ ኦሪት የገባው ወርቅና ብር በካህኑ በአሮን ልጅ በኢታምር እጅ ተቈጥሯል። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ብቻውን ሊይዝ አልወደደም፤ ነቀፋ እንዳይገኝ ቲቶንና ሌሎች ወንድሞችን ላከ። እኚህም ወይዘሮ አንዲት ሳንቲም ብቻቸውን አልቈጠሩም። ገቢውንና ወጪውን በየወሩ ከቅዳሴ በኋላ ያስነብቡ ነበር፤ እንቁላል የሰጠች ባልቴት እንኳ ስጦታዋ ሲነበብ በጆሮዋ ሰማች። ስለዚህ ሕዝቡ አመነ፤ ስላመነም ሰጠ።

እንግዲህ ምስጋናችን በቃል ብቻ እንዳይቀር፥ ቤቱን በንጽሕና እንጠብቅ፤ ሒሳቡም እንደ ተጀመረው በአደባባይ ይነበብ። እኔም በደሌን እክስ ዘንድ በመጪው ክረምት ያለ ደመወዝ ጉባኤ ልዘረጋ በፊታችሁ ቃል እገባለሁ።

ወይዘሮ ሆይ፥ ከተማችን ፍኖተ ሰላም፥ የሰላም መንገድ ትባላለች። በዚህ መንገድ ለሚመጣ ሕፃን ማረፊያ አበጅተዋልና፥ እግዚአብሔር በመንግሥቱ ማረፊያ ያዘጋጅልዎ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።