ርካሽ መለኪያ፣ የታመነ ልኬት
ስለ ሞተር አየር ፍሰት አለካክ የተደረገ ንግግር



በቢቸናም ሆነ በሞጣ አካባቢ በናፍጣ የሚሠራ የወፍጮ ሞተር ጥቁር ጭስ ሲያበዛ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት ፖምፓውና ኖዝሉ ናቸው። ሞተሩ የሚተነፍሰውን አየር የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ያለ ልኬት የተለወጠ ዕቃ ወጪው ዞሮ ዞሮ እህሉን ተሸክሞ ከሚመጣው ገበሬ ኪስ ይወጣል። ስለሆነም አየርን በአነስተኛ ገንዘብ እንዴት እንለካ የሚለውን ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በባሕር ጠረፍ 1,013 ሚሊባር የሆነው የአየር ግፊት በዚህ ከፍታ ወደ 750 ዝቅ ይላል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር በጠረፍ 1.20 ኪሎግራም ሲመዝን፣ በዚህ ከፍታ 0.89 ያህል ብቻ ይመዝናል። ተርቦ የሌለው ሞተር በአንድ ምት የሚያገኘው አየር በሩብ ያህል ያንሳል ማለት ነው። የናፍጣው መጠን ለጠረፍ እንደ ተስተካከለ ቢተው፣ ጭሱ ከፖምፓ ብልሽት የመጣ አይደለም።

በጋለ ሽቦ የሚሠራው መለኪያ የአየሩን ክብደት በቀጥታ ያነብባል። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፤ የወፍጮ ቤት ዱቄትም ሽቦውን ሲሸፍነው ንባቡ ይዛባል፤ መዛባቱም በዓይን አይታወቅም። እኔ የምመርጠው ባዶ በርሜል፣ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ፣ ውኃ የያዘ ብርሃን አሳላፊ ቱቦ፣ ቴርሞሜትርና ባሮሜትር ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር አየሩን እየቆራረጠ ስለሚስብ፣ በርሜሉ በመካከል ሆኖ ፍሰቱን ያረጋጋል። በቱቦው የሚታየው የውኃ ከፍታ ልዩነት 4 እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ 2 እጥፍ ብቻ እንደሚሆን አይዘንጋ።

መለኪያውንም ራሱን መፈተን ያሻል። በርሜሉን ውኃ ሞልቶ አጥብቆ መክደን፣ አየር በአንዲት ቀዳዳ ብቻ እንዲገባ ማድረግ፣ ከዚያም የቱቦው ንባብ ሳይዋዥቅ ውኃውን ከሥር በቧንቧ ማውጣት ነው። 60 ሊትር ውኃ በ30 ሴኮንድ ከወጣ፣ የገባው አየር በሴኮንድ 2 ሊትር ነው። ለትልቅ ፍሰት በዚያው መሰርሰሪያ አራት ቀዳዳዎች አራርቆ መብሳት ይቻላል። ለጠረፍ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ግን በቢቸና የአየሩን ክብደት በ16 በመቶ ገደማ አብዝቶ ያሳያል።

ለማመሳከሪያም፣ 1 ሊትር ይዞታ ያለው ባለ 4 ምት ሞተር በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር ከ500 ሊትር ያነሰ አየር ይስባል። ንባቡ ከዚህ ከበለጠ መለኪያው ይጠርጠር፤ እጅግ ካነሰ ቀዳዳ የሚያስተነፍስ መገጣጠሚያ ወይም የታፈነ ፊልትሮ ይፈለግ። ፊልትሮውን ለይቶ ለማወቅም የውኃውን ቱቦ ከበስተኋላው ማገናኘት ይበቃል።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ የመለኪያ ክብሩ በዋጋው ሳይሆን ስሕተቱ በመታወቁ ነው። እያንዳንዱ ጋራዥ የእያንዳንዱን ሞተር ንባብ ከነሙቀቱና ከነግፊቱ በመዝገብ ቢይዝ፣ ዕቃ ከመለወጥ በፊት እውነቱን ያውቃል።