እምቢ የሚላችሁን ምረጡ
(ዛንዚባር ሄደው ባሕር ለመጥለቅ ለሚያስቡ የሰፈራችን ነዋሪዎች በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



 ስለ ቦይ ጠረጋውና ስለ ጥበቃ መዋጮው የተወሰነው በሌላው ወረቀት ላይ ስለተለጠፈ እዚህ አንደግመውም።

የዛሬው ጉዳያችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። «እኛን ከባሕር ጋር ምን አገናኘን?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን እንደምታዩት ጊዜው ተለውጧል። በሰፈራችን የሚጋቡ ልጆች ለጫጉላ ዛንዚባር መሄድ ጀምረዋል። ከአሜሪካና ከዓረብ አገር ለዕረፍት የሚመጡ ልጆቻችንም ወላጆቻቸውንና ታናናሾቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ። አየር መንገዳችን ከቦሌ እዚያ ያደርሳል። እዚያ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ስኩባ የሚባለውን፣ ማለትም የታመቀ አየር ያለበት ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅን፣ በየባሕሩ ዳር የሚያሠሩ ብዙ ድርጅቶች አሉ። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ አለ፣ ገንዘብ ብቻ የሚያይም አለ። አመራረጡን የሚነግራቸው እንዳለ ልጆቹ ስለጠየቁን፣ ኮሚቴው ደርሰው ከመጡ ጎረቤቶችና ከሐኪም ጠይቆ፣ የጠላቂዎችንም መመሪያ አስነብቦ ያገኘውን እነሆ ያቀርባል።

ነገሩን በአጭሩ እንናገር። ጥሩ ድርጅት ማለት አስፈላጊ ሲሆን «አይሆንም» የሚላችሁ ነው። ለሁሉ ሰው፣ በማንኛውም ቀን «ችግር የለም» የሚል ድርጅት ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ!

ለምን እንደዚህ እንደምንል ለመረዳት የባሕርን ጠባይ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት አንድ የከባቢ አየር ያህል ጫና ይጨምራል። 10 ሜትር ላይ ያለ ሰው በሁለት እጥፍ ጫና ውስጥ ነው፣ 20 ሜትር ላይ ያለው በሦስት እጥፍ። ስለሆነም 10 ሜትር ላይ ሳንባውን በአየር ሞልቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው፣ አየሩ በእጥፍ ስለሚያብጥ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ትንፋሽን አለመያዝ ነው። ይህን ሳያስተምር ውኃ ውስጥ የሚያስገባችሁ ሰው አሠልጣኝ አይባልም።

ሁለተኛው የናይትሮጅን ነገር ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው። ከባሕር በታች በጫና ምክንያት ይህ ናይትሮጅን ወደ ደማችንና ወደ ሥጋችን ይገባል። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ክዳኑ ሳይከፈት ጸጥ ያለ ነው፤ በድንገት ሲከፈት ግን አረፋው ይፈላል። ሰውም በፍጥነት ወደ ላይ ከወጣ በሰውነቱ ውስጥ እንደዚያው አረፋ ይነሣበታል። በሽታው መገጣጠሚያን ያማል፣ እጅና እግርን ያደነዝዛል፣ ሲከፋም ያሽመደምዳል፣ ይገድላልም። ስለዚህ ጠላቂዎች ቀስ ብለው ይወጣሉ፣ ወለሉ ሲቀርባቸውም 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ያህል ይቆማሉ።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንምጣ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሚከተሉትን ተመልከቱ።

አንደኛ፣ ማን እንደላካችሁ አስቡ። በዛንዚባር በባሕሩ ዳርና በከተማው መንገድ ላይ እየተከተሉ የሚያግባቡ ደላሎች አሉ፤ የአገሩ ሰው ራሱ «ፓፓሲ» ይላቸዋል፣ መዥገር እንደማለት ነው። ደላላ የሚነግራችሁ ዋጋ እንጂ ስለ አየሩ ንጽሕና አያውቅም። በእግራችሁ እስከ ድርጅቱ ሂዱ። የዛንዚባርን የቱሪዝም ኮሚሽን ፈቃድና የአሠልጣኙን የምስክር ወረቀት አሳዩን በሉ። ፓዲ፣ ኤስኤስአይ፣ ሲማስ የሚባሉት በዓለም የታወቁ የጠላቂ ማሠልጠኛ ማኅበራት ናቸው። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዓርማ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ወረቀቱ ዛሬ ይዟችሁ በሚገባው ሰው ስም መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ድርጅቱ ይጠይቃችኋል ወይ? ጥሩ ድርጅት የጤና መጠይቅ ያስሞላል። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ እርግዝና አለ ወይ ይላል። ካለ «ከሐኪም ፈቃድ አምጡ» ይላል፤ ነፍሰ ጡርንም ጨርሶ አያስገባም። ጉንፋን የያዘውን ሰው እንኳ «ጆሮህ ይጎዳል፣ ሲሻልህ ና» ብሎ ይመልሳል። እናንተም እንዳያስቀሩኝ ብላችሁ ሁሉንም «የለም» ብላችሁ አትሙሉ። ወረቀቱ የሚጠብቀው እናንተን ነው።

ሦስተኛ፣ ስንት ሰው በአንድ አሠልጣኝ? አብዛኞቻችን ዋና አናውቅም፤ ሐቁ ይኸ ነው። ላልሠለጠነ ሰው የሚደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ከ12 ሜትር ማለፍ የለበትም። በፓዲ ደንብ አንድ አሠልጣኝ ባሕር ላይ ይዞ ሊገባ የሚችለው ቢበዛ 4 ጀማሪ ነው። ሁለት ቢሆን ደግሞ ይሻላል። መጀመሪያ በመዋኛ ገንዳ ወይም ሰው ቆሞ በሚደርስበት ውኃ ትንፋሽን፣ መነጽር ውስጥ የገባን ውኃ ማስወጣትን፣ የእጅ ምልክትን ያስተምራል። ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ባሕር አይገባም። ተምሮ መታወቂያ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጅበታል፤ 200 ሜትር ሳያርፍ መዋኘትም ይጠበቅበታል። ይህንን ያልቻለ ሰው የሚያፍርበት ነገር የለም። የመዋኛ ሰደርያ ለብሶ፣ በመነጽርና በቱቦ ከላይ ሆኖ ዓሣውን ማየት ይችላል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

አራተኛ፣ ዕቃው። ሬጉላተር ምን እንደሆነ የቡታጋዝ ሲሊንደር ያለው ሁሉ ያውቃል። የጠላቂም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ የሚያልፍበት የራሳችሁ ትንፋሽ መሆኑ ነው። ከመግባታችሁ በፊት አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ ተንፍሱበት። ዘይት ዘይት ወይም ጭስ ጭስ ካለ አትግቡበት። የአየር መሙያው ኮምፕሬሰር ጀነሬተሩ በሚያጨስበት አጠገብ አየር የሚስብ ከሆነ፣ የሰው ነፍስ የሚያጠፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል፤ እሱ ደግሞ ሽታ የለውም። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩን አሳዩን ማለት ነውር አይደለም። ጌጁም ሲሊንደሩ ሲሞላ 200 ባር አካባቢ ማሳየት አለበት። 50 ባር ሲቀር ከውኃው መውጣት የተለመደ ደንብ ነው።

አምስተኛ፣ ጀልባው። ኦክሲጅን አለ ወይ? የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን፣ ሬዲዮ፣ ለሁሉ የሚበቃ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አለ ወይ? ጠላቂዎቹ ሲገቡ ጀልባው ላይ የሚቀር ነጂ አለ ወይ? ከሁሉም በላይ ሰው በስም ይቆጠራል ወይ? ጥር 17 ቀን 1990 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ታላቁ ኮራል ሪፍ ላይ ባልና ሚስት አሜሪካውያን ጠላቂዎች ከውኃው ሳይወጡ ጀልባቸው ትቷቸው ሄደ። ቆጠራው የተሳሳተ ስለነበር መቅረታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ቦርሳቸው ጀልባው ላይ ሲገኝ ነው። ሰዎቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም። በዕድር ቀን ስም እየጠራን «አለሁ» እንደምንባባለው፣ እዚያም ከመግባት በፊትና ከወጡ በኋላ ስም ይጠራ። ካልተጠራ እናንተው ጠይቁ።

ስድስተኛ፣ ቦታውና አየሩ። በሰሜን ምሥራቅ ያለችው የምኔምባ ደሴት ዙሪያ ኤሊና ብዙ ዓሣ የሚታይበት ነው፤ ለጀማሪ የሚሆን ጥልቀት የሌለው ቦታ አላት። ከኑንግዊ በስተሰሜን ያለው ሌቨን ባንክ ግን ኃይለኛ ሞገድ ስላለው ልምድ ላለው ብቻ ነው። ጀማሪን ወደዚያ እንውሰድ የሚል ካለ እሱን ተዉት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ድረስ ዝናብ ይበረታል። «ባሕሩ ከተናወጠ ገንዘባችንን ትመልሳላችሁ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሚመልስ ድርጅት በመጥፎ ቀን ለመውጣት አይገደድም። በዋጋው ውስጥም የዕቃ ኪራይ፣ የምኔምባ መግቢያና የመኪና መኖሩን በጽሑፍ ያዙ።

ኢንሹራንስንም አትርሱ። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ የደሴቲቱን ኢንሹራንስ እንዲገዛ ተደንግጓል፤ ሲጀመር ዋጋው 44 ዶላር ነበር። ሆኖም ወረቀት መግዛት ብቻ አይበቃም። ጠለቃን ይሸፍናል ወይ ብላችሁ አንብቡ፣ ካልሸፈነ የጠላቂ ኢንሹራንስ ጨምሩ። ድርጅቱንም «ሰው በአረፋ በሽታ ቢታመም የሚታከምበት የግፊት ክፍል የት ነው? ስንት ሰዓት ይወስዳል?» በሉት። ሳያመነታ ከመለሰ አስቦበታል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን፣ በተለይ እኛን የአዲስ አበባን ሰዎች የሚመለከተውን እንናገር። የጠላቂዎች መመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለብዙ ቀን የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ይላል። ምክንያቱም አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ እንዳለ አየር የሳሳ ነው፤ በሰውነት የቀረው ናይትሮጅን እንደ አምቦው ሊፈላ ይችላል። ዱባይ ወይም ዳሬሰላም የሚወርድ ሰው ሲያርፍ ወደ ባሕር ጠረፍ ይመለሳል፣ ጫናውም ይመለስለታል። እኛስ? ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከአውሮፕላኑ ወርደን ቤታችን ብንገባም እዚያው ተራራው ላይ ነን፤ ወደ እንጦጦ በኩል የሚኖር ደግሞ ይብስበታል።

በመሆኑም ምክራችን ይህ ነው፤ ከመሳፈራችሁ በፊት ሙሉ 24 ሰዓት ባሕር አትጥለቁ። የመጨረሻውን ቀን ለገበያ፣ ለከተማው የድንጋይ ቤቶችና ለቅመማ ቅመም እርሻው አድርጉት። ጥሩ ድርጅት ገና ስትመዘገቡ «የምትበሩት መቼ ነው? ወዴት ነው?» ይላል። «ጠዋት ጠልቃችሁ ከሰዓት በኋላ ብትበሩ ችግር የለም» ያላችሁን ግን አመስግናችሁ ተለዩት።

ከተመለሳችሁም በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ማዞር ወይም የትንፋሽ ማጠር ቢሰማችሁ ደክሞኝ ነው ብላችሁ አትተኙ። ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱና ከሁሉ በፊት «ባሕር ጠልቄ ነበር» በሉ። ካልነገራችሁት ሐኪሙ አያስበውም። እዛው ደሴቱ ላይ ሳላችሁ ከተሰማችሁ ደግሞ ለድርጅቱ ተናገሩ፣ ኦክሲጅን እንዲሰጣችሁ አድርጉ፤ ሐኪም ሳያያችሁም አትሳፈሩ።

ውድ ነዋሪዎች፣ ይህን ሁሉ የተናገርነው ልጆቻችንን ለማስፈራራት አይደለም። የእግዚአብሔርን ሥራ ከባሕር በታች ማየት መልካም ነገር ነው፤ በጥሩ ድርጅት የሄዱ ጎረቤቶቻችን በደስታ ተመልሰዋል። ምኞታችን ለደስታ የሄደ ሁሉ በደስታ እንዲመለስ፣ የማኅበራችን ድንኳን ለሠርግ እንጂ ለሌላ ነገር እንዳይተከል ነው። ለተጓዦች የሚሆኑት ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ተጽፈው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስለተቀመጡ፣ የሚሄድ ሁሉ መጥቶ ይገልብጥ። ሄዳችሁ የመጣችሁም ያያችሁትን ለሚቀጥለው ሰው ንገሩ።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት