ሙዚቃ በሞተር ሳይክል ላይ፦ ከመግጠም በፊት ማወቅ የሚገባን



የዛሬው ንግግራችን በወላጅና በልጅ መካከል ስለሚነሣ አንድ ጉዳይ ነው። እዚህ ረሖቮት፣ በቂርያት ሞሼም ሆነ በሌሎቹ ሰፈሮች፣ ሥራ ይዞ ሞተር ሳይክል፣ በዕብራይስጥ ኦፋኖዓ የሚባለውን፣ የገዛ ወጣት ብዙም ሳይቆይ «ሙዚቃ ልግጠምበት» ይላል። አባት «ጩኸት ነው» ይላል። እናት «መኪና ሲመጣ በምን ጆሮህ ትሰማለህ?» ትላለች። የወላጆች ሥጋት ተገቢ ነው፤ የልጁም ፍላጎት ነውር የለበትም። ስለዚህ ቤተሰቡ በቁጣ ሳይሆን በዕውቀት እንዲወስን ዋና ዋናውን ነገር እናቀርብላችኋለን።

ሙዚቃና ተሽከርካሪ የቆየ ወዳጅነት አላቸው። ጎንደርና ባሕር ዳር ላይ በባጃጅ የተሳፈረ ሁሉ ይህን ያውቃል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1930 በአሜሪካ «ሞቶሮላ» የተባለው የመኪና ሬዲዮ ለገበያ ቀረበ። የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ በ1975 «ጎልድ ዊንግ» የተባለውን ትልቅ የጉዞ ሞተር ሳይክል አወጣ፤ በ1980 ደግሞ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ ሊጨመርለት የሚችል ዓይነት ሠራ። በኋላ በወጡት ላይ ሙዚቃው ፍጥነት ሲጨምር ከፍ፣ ፍጥነት ሲቀንስ ዝቅ እንዲል ተደረገ። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ዲናሞውን፣ የሽቦውን መንገድና የድምፅ ማጉያውን ቦታ ፋብሪካው አስቀድሞ አስቦበታል። በትንሽ ሞተር ላይ በኋላ ስንገጥም ግን ያንን ሐሳብ ማሰብ ያለብን እኛው ነን። ፍሬ ነገሩም ይህ ነው፦ ሙዚቃው ከሞተሩ ኤሌክትሪኩን፣ ከነጂውም ጆሮውን መውሰድ የለበትም።

በቅድሚያ ስለ ኤሌክትሪኩ እንነጋገር። የአብዛኛው ሞተር ሳይክል ባትሪ 12 ቮልት ነው። ዋቱን ለ12 ስናካፍል የሚጠጣውን አምፔር እናገኛለን። 60 ዋት የሚወስድ አምፕሊፋየር 5 አምፔር ገደማ ይጠጣል ማለት ነው፤ ይህም አንድ 55 ዋት የፊት መብራት ከሚወስደው ይበልጣል። የትንሽ ሞተር ዲናሞ ደግሞ ከራሱ ፍጆታ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሙዚቃው ቢጫወት፣ 10 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በወረቀት ላይ 2 ሰዓት ይበቃል፤ ነገር ግን ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ሞተሩን ለማስነሣት አቅም ያጣል። ሌሊት ከሥራ የሚመለስ ልጅ መንገድ ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ዘዴ ልብ በሉ። በሣጥኑ ላይ «500 ዋት» ተብሎ በትልቁ ቢጻፍ አትደነቁ። ዕቃው ላይ ያለውን ፊውዝ ተመልከቱ። ፊውዙ 5 አምፔር ከሆነ፣ 5 በ12 ሲባዛ 60 ዋት ነው። ከ60 ዋት ውስጥ 500 ዋት አይወጣም። ዋጋውን የምትከራከሩት በፊውዙ እንጂ በሣጥኑ ጽሑፍ መሆን የለበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ አገጣጠሙ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ብዙው ጉዳት የሚመጣው በችኮላ ከተቀጠለ ሽቦ ነው። የሙዚቃውን ሽቦ ከፊት መብራቱ ወይም ከፍሬቻው ሽቦ ላይ መቀጠል አደገኛ ነው፤ ኮንታክት ሲፈጠር መብራቱም አብሮ ይጠፋልና። ትክክለኛው መንገድ ከባትሪው ራሱን የቻለ ሽቦ መሳብ ነው። ፊውዙ ለባትሪው ፖዘቲቭ ቅርብ ይሁን፤ ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ መከላከያ የለውም። ሪሌ የሚባለው ማብሪያ ማጥፊያ ከሞተሩ ቁልፍ ጋር ይያያዝ፤ ቁልፉ ሲጠፋ ሙዚቃውም ይጠፋል፣ ባትሪውም ይተርፋል። ሽቦው ከጋለ ማርሚታ ይራቅ። መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር የሚወጠር፣ ፍሬኑን ወይም የነዳጅ መስጫውን የሚይዝ ሽቦ ሊኖር አይገባም። የረሖቮት ክረምት ዝናብ አለውና ዕቃው ውኃ የሚችል መሆኑን ጠይቁ። «አይፒ» ከሚለው ምልክት በኋላ ያለው የመጨረሻው ቁጥር ስለ ውኃ ይናገራል፤ 5 ከሆነ የሚረጭ ውኃ ይችላል። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ግን ዝናብ አይችልም።

የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ያላችሁም አስተውሉ። የዚያ ባትሪ ብዙውን ጊዜ 36 ወይም 48 ቮልት ነው። ለ12 ቮልት የተሠራ ዕቃ በቀጥታ ቢያያዝበት ይቃጠላል፤ ባትሪውን ከፍቶ ሽቦ መቀጠልም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ቢስክሌት የራሱ ባትሪ ያለው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይበቃል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የጆሮ ጉዳይ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ በራስ ቁሩ፣ በካስዳው ውስጥ የሚሰማው የነፋስ ድምፅ ብቻውን 100 ዴሲቤል አካባቢ ሊደርስ ይችላል። የጤና ባለሙያዎች 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይሰማ ይመክራሉ፤ በ100 ዴሲቤል ግን ገደቡ 15 ደቂቃ ነው። ነፋሱን ለማሸነፍ ሙዚቃውን የሚጨምር ወጣት በጉዳት ላይ ጉዳት ይጨምራል። የጠፋ የመስማት ችሎታ ደግሞ በመድኃኒት አይመለስም። ስለዚህ ሙዚቃው በከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዱ የሚሰማ፣ በትልቁ መንገድ ላይ ግን የሚጠፋ ይሁን።

መስማት እዚህ አገር ሌላም ትርጉም አለው። የአምቡላንስና የመኪና ክላክስ ብቻ ሳይሆን የአደጋው ሳይረን፣ አዝዓካው አለ። ሰኔ 15 ቀን 2025 የኢራን ሚሳይል እዚሁ ረሖቮት የዋይዝማንን የምርምር ተቋም መምታቱ ይታወሳል። አዝዓካ ሲሰማ ነጂው ዳር ይዞ ቆሞ፣ ከሞተሩ ወርዶ ወደ ቅርብ መጠለያ ወይም ሕንፃ መግባት አለበት፤ ከሌለም ከሞተሩ ርቆ መሬት ላይ ተኝቶ ራሱን በእጁ ይሸፍናል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግን ከሰማ ነው። ዘፈኑም ከመነሣት በፊት ይመረጥ፤ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው።

አራተኛ፣ ጎረቤትና ሕግ። በ1992 የወጣው የጩኸት መከላከያ ደንብ በመኖሪያ ሰፈር ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከሌሊቱም 5 ሰዓት እስከ ጧት 1 ሰዓት፣ በእዚህ አገር ሰዓት ከ14 እስከ 16 እና ከ23 እስከ 7፣ ሰው የሚረብሽ ሙዚቃ ይከለክላል። ከሕጉም በላይ የራሳችን ይሉኝታ አለን፤ ልቅሶ ቤት ወይም ምኵራብ ደጃፍ ሲደረስ ድምፁን ማጥፋት ለልጆቻችን የምናስተምረው ነው። የመንጃ ፈቃድ ዕድሜንም አትርሱ፦ እስከ 125 ሲሲ ለሆነው ከ16 ዓመት፣ መካከለኛ ኃይል ላለው ከ18፣ ለማንኛውም ዓይነት ከ21 ዓመት ጀምሮ ነው። ዕቃው ከመገጠሙ በፊት በዓመታዊው ምርመራ፣ በቴስት፣ ችግር እንደማያመጣ ሙሳኩን፤ ሙሉ መድን ካላችሁም የመድን ድርጅቱን ጠይቁ።

በመጨረሻ ስለ ገንዘቡ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የዕቃውና የእጅ ዋጋው ተለይቶ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ሲያልቅም ደረሰኙን፣ ቃባላውን፣ እንዲሁም ዋስትናውን፣ አሐራዩቱን ተቀበሉ። ዕብራይስጡ ካልገባችሁ ሳታስነብቡ አትፈርሙ። አንድ ጠቃሚ መብትም አለ፦ ዕቃውን ከሻጩ ጋር በስልክ ወይም በጽሑፍ መልእክት ተነጋግራችሁ ከሩቅ ከገዛችሁ፣ አዲስ ገቢ በመሆናችሁ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ውስጥ ግዢውን እስከ 4 ወር ድረስ መሰረዝ ትችላላችሁ። የስረዛው ክፍያም ከዋጋው 5 በመቶ ወይም ከ100 ሸቅል፣ ከሁለቱ ካነሰው አይበልጥም።

እንግዲህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ይህን ጥያቄ ሲያመጣ «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት አብራችሁ ቁጭ በሉ። ፊውዙን ያሳያችሁ፤ ሽቦው የት እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚገጥመው ይንገራችሁ። እናንተም ወጣቶች፣ ሞተሩን አስነሥታችሁ፣ ሙዚቃውን ከፍታችሁ፣ ካስዳችሁን አድርጋችሁ እናታችሁ ከጀርባ በስማችሁ ትጥራችሁ። ከሰማችኋት ድምፁ ልክ ነው፤ ካልሰማችኋት ቀንሱት።

 በሰላም ውጡ፣ በሰላም ግቡ። ሻሎም።