ከጂንካ የሄደ አባል ከመዝገብ ይሰረዝ ወይ?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የፊተኛው አግዳሚ ባዶ ነውና ወጣቶቹ ግቡና ተቀመጡ፤ የምንናገረው ስለ እናንተም ጭምር ነው።

እኛ የዕድሩን መዝገብ የምንይዝ ሰዎች፣ ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ፣ የሥራ ዘመናችንን በመዝገብ ቤት ከወረቀትና ከካርቦን ጋር ያሳለፍንና በጡረታ የተገለልን ነን። ስለዚህ የምንለውን ሁሉ ከመዝገቡ ተነሥተን ነው የምንለው። መዝገብ ደግሞ መቼስ ለሚያገላብጠው ሰው ብዙ ይናገራል።

በዛሬው አጀንዳ ተራ ቁጥር አራት ላይ «ከጂንካ ከተማ ለቀው የሄዱና መዋጮአቸውን ያቋረጡ አባላት ከመዝገብ ይሰረዙ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት ወገኖች በክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን። የከፈለና ያልከፈለ እኩል ከታየ የሚከፍለውም እጁን ይሰበስባል ነው የሚሉት፤ ይኸም እውነትነት አለው። ነገር ግን እኛ በሐሳቡ አንስማማም። ለምን እንደማንስማማ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል፤ ስብሰባው እንዳይረዝም እንጠነቀቃለን።

የቆያችሁት እንደምታውቁት በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዘመን አውራጃችን ገለብና ሐመር ባኮ ይባል ነበር። የመንግሥት ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ፖሊሱ፣ ድሬሰሩ በዝውውር ደብዳቤ ይመጣል፤ ነጋዴውም ጨውና አቡጀዲ አስጭኖ ይመጣል። አንዱ ከጎፋ፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከኮንሶ፣ አንዱ ከጉራጌ፣ አንዱም ከወሎና ከሸዋ። የመጣው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጎድለው ነበር፤ ይኸውም ሲሞት የሚቀብረው ዘመድ ነው። የአገሩ ባለቤት የአሪ ገበሬ እርሻውንም ቤት ሥራውንም ተሰብስቦ የመሥራት የቆየ ልማድ ስላለው ብዙም አልተቸገረም። መጤው ግን ጎረቤቱን ዘመድ ማድረግ ነበረበት።

በአዲስ አበባም የሆነው ይኸው ነው። ዕድር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ከገጠር ወደ ከተማ በመጡ ሰዎች መካከል እንደ ተጀመረ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን እየተስፋፋ እንደ ሄደ፣ ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ይጽፋሉ። እንግዲህ አስቡት። ዕድርን የፈጠረው ከአገሩ የራቀ ሰው ነው። ዛሬ እኛ ደግሞ «ከአገር ርቋል» ብለን ሰው ልንሰርዝ ነው!

ስለ ሩቆቹ ከመናገራችን በፊት ግን ስለ ቅርቦቹ ጥቂት እንበል። እዚህ አጠገባችን ያለውን ሳንይዝ አርባ ምንጭ ያለውን እንይዛለን ማለት አይሆንም።

የስም ጥሪ መዝገባችንን ስንመለከት ቀሪው ጥቂት ነው። ደስ ይላል። ቀብር ላይ የምንቆም ሰዎች የምናየው ግን ሌላ ነው። ጥሩምባው ይነፋል፤ ሰውየው ይመጣል፤ ስሙ ሲጠራ «አቤት!» ይላል፤ ምልክት ከተደረገለት በኋላ ዞር ስንል የለም። ድንኳኑን የሚተክሉት፣ አግዳሚውን የሚሸከሙት፣ በሚያዝያ ዝናብ ጭቃ ውስጥ ጉድጓድ የሚቆፍሩት ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ቅጣቱ ሰውየውን እስከ ስም ጥሪው ድረስ ያመጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ ግን አቅም የለውም።

ቅጣት የሌለበትን ደግሞ በጎረቤታችን በጎፋ አይተናል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንዶ ሰው ሲውጥ፣ ጎረቤቱ ሊያወጣቸው ሮጦ መጣ፤ በመቆፈር ላይ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ መጣና ሊያድኑ የመጡትንም ደረበባቸው። የሞተው ሰው ከ200 በላይ ነው። በመካከላችን ከዚያ አገር የመጣችሁ ስላላችሁ ብዙ አንናገርበትም፤ ነፍስ ይማር። ለነዚያ ሰዎች ጥሩምባ የነፋ፣ ስም የጠራ አልነበረም። ከጭቃው ሥር ያለው ማን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር፤ የሚሠራውም ሥራ ዓይናቸው ፊት ነበር። እኛ ከዚህ የተረዳነው ሰው እንዲሠራ እነዚህ ሁለቱ እንደሚያስፈልጉት ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። እነዚህ አሁን የገቡት ልጆች ከአባታቸው ጋር በቤተሰብ ተመዝግበዋል። በስማቸው የተሰጣቸው ሥራ አለ ወይ? የለም። «የዛሬ ልጅ ዕድር አይወድም» እንላለን። ሥራ ያልሰጡትን ሠራተኛ አይሠራም ብሎ መውቀስ እኛ በምናውቀው በየትኛውም መሥሪያ ቤት አያስኬድም። የድንኳኑ ኃላፊ ሆኖ ስሙ ቢጻፍ፣ ገመድ ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ቢሆን፣ የሟቹን ቤተሰብም ቀድሞ ያወቀ ቢሆን፣ ይመጣል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤች አይ ቪ ሰው ሲፈጅ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ያሉ አንዳንድ ዕድሮች ያደረጉት ይህንኑ የሚመስል ነው። ቀብር በቀብር ላይ ሲደራረብ ሣጥናቸው ባዶ እየሆነ ሄደ። ደንባቸውን አሻሻሉና ሰውን ከሞተ በኋላ ከመቅበር አልፈው ሳይሞት መርዳት፣ በሽተኛ መጠየቅ፣ ወላጅ የሞተበትን ልጅ መመልከት ጀመሩ። ለአባላቱም ከለቅሶ ቀን ሌላ የሚገናኙበት ሥራ ተገኘላቸው ማለት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ እናቶች አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ኅሊናችን አይፈቅድም። በመዝገቡ ላይ ያለው ስም የባል ነው። ድስቱን የሚጥዱት፣ ንፍሮውን የሚቀቅሉት፣ ከሐዘንተኛዋ ጋር የሚያድሩት ሴቶቹ ናቸው፤ እጅ አውጥተን ድምፅ የምንሰጠው ግን እኛ ነን። ባልየው ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ሚስትየዋ እዚሁ ስትቀርስ? አባል ናት ወይስ አይደለችም? ተራ ቁጥር አራት እንደ ተጻፈው ከጸደቀ ባሏ ሲሰረዝ እሷም አብራ ትሰረዛለች። ይህን ያሰበበት ሰው ያለ አይመስለንም።

አሁን ወደ ሩቆቹ እንምጣ።

የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ በከተማችን መኻል በነበረበት ጊዜ፣ ተዛውሮ የሚሄደውን ሰው ሰፈሩ ሁሉ በእግሩ እየሄደ ነበር የሚሸኘው። ሻንጣው ላይ ቡናውንና ማሩን እናስርለታለን፤ «አትርሳን!» እንላለን፤ አውሮፕላኑ ይነሣል። ከዚያስ? ለጥቂት ጊዜ መዋጮውን በሾፌር እጅ ይልክ ነበር። ሾፌሩ ይለወጣል፤ ወይም ገንዘቡ መንገድ ላይ ይቀራል፤ መላኩ ይቆማል። እኛም በስሙ ፊት «አልከፈለም» እያልን እንጽፋለን። ደብዳቤ የጻፈለት ግን የለም። በመዝገብ ቤት ሥርዓት አንድ ፋይል የሚዘጋው ለባለጉዳዩ በጽሑፍ ከተነገረው በኋላ ነበር።

በዞናችን ባለ፣ ስሙን በማንጠራው አንድ ዕድር ውስጥ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ሰውየው አስተማሪ ነበር። ከሌላ አገር መጥቶ ብዙ ዓመት አስተማረ፤ ባለቤቱ እዚሁ ሞታ ተቀበረች። ከዚያ ተዛወረ፣ መዋጮውም ተቋረጠ፣ በደንቡ መሠረት ተሰረዘ። ሲሞት «ከሚስቴ አጠገብ ቅበሩኝ» ብሎ ነበርና ልጆቹ ሌሊቱን በመኪና ተጉዘው አስከሬኑን ይዘው መጡ። የዕድሩ ሰዎች መዝገብ ዘርግተው ይከራከሩ ጀመር፤ አንዱ «አባል ነበር» ይላል፣ ሌላው «ነበር ማለትማ አይደለም ማለት ነው» ይላል። ድንኳኑ የደረሰው ሐዘንተኛው ፀሐይ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ያስተማራቸው ልጆች ናቸው አካፋ ይዘው ወጥተው የቆፈሩት፤ እነሱ ደግሞ አብዛኞቹ የዕድሩ አባል አልነበሩም። ደንቡ አልተጣሰም። ከዓመታት በኋላ ያ ዕድር ለዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ መግዣ ሲያሰባስብ ለነዚያ ልጆችም ደወለላቸው፤ «በየትኛው መዝገብ ላይ ስማችንን አገኛችሁት?» ብለው መለሱ ይባላል።

የሄደ ሰው ይረሳል የሚለውን አባባል እኛ አንቀበልም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ከንግዳቸውና ከጉልበታቸው እያዋጡ ራሳቸው ለማይኖሩበት የትውልድ አገራቸው መንገድ አስወጡ። በአሜሪካ፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉ ኢትዮጵያውያንም እዚያው ዕድር አላቸው። እንግዲህ ሰው ባሕር ተሻግሮም ዕድሩን ይዞ ከሄደ፣ ከጂንካ አርባ ምንጭ የሄደው ለምን ይጠፋብናል? የጠራው ስለሌለ ነው።

ሩቅ አንሂድ። ኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ በከተማችን መገኘቱ በይፋ ሲነገር ምን ሆነ? ሰው ሰውን መጨበጥ ፈራ፤ በዚያ በሽታ የሞተ ሰው አስከሬን በራሱ ያስተላልፋልና የቀብር ሥርዓታችንን በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ማድረግ ግድ ሆነ። እንደ እኛ ላለ ማኅበር ከዚህ የባሰ ቀን የለም። በዚያን ሰሞን የእኛ ስልክ ዕረፍት አላገኘም። የሚደውሉት እነማን ነበሩ? ዛሬ እንሰርዛቸው የምንላቸው ናቸው። «እነ እከሌ ደኅና ናቸው? እማማስ? ሰፈሩስ?» ይሉ ነበር። አንዷ እዚህ ያደገች ልጅ ከዐረብ አገር ስትደውል ታለቅስ ነበር። ያን ጊዜ የየአንዳንዳቸውን ስልክ በማስታወሻ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍን፤ ይህ ንግግርም የተጀመረው ከዚያ ደብተር ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ሁለተኛ መዝገብ ይከፈት። ስሙም «የሩቅ አባላት መዝገብ» ይባል። በዚህ መዝገብ ያለ ሰው እንደ ነዋሪው አባል የሠልስት ገንዘብና የወር ድርሻ አይጠይቅም፤ የቀሪ ቅጣትም አይቆጠርበትም። በዓመት አንድ ጊዜ የሚችለውን ይልካል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሾፌር እጅ መጠበቅ ቀርቷል። እዚህ የቀረች እናት ወይም ሚስት ብትኖረው በራሷ ስም በዋናው መዝገብ ትገባለች። እሱ ራሱ ቢሞትና ወደ ጂንካ ቢመጣ፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩና የሰው ጉልበት ያለ ክርክር ይወጣል።

ከሩቆቹ የምንፈልገው ግን ከገንዘቡ ይልቅ ሌላ ነው። ከእኛ መካከል አንድ ሰው ታሞ ሪፈር ተጽፎለት ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ችግሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ከዚህ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስታማሚው የት እንደሚያድር አያውቅም፤ ካርድ የት እንደሚወጣ አያውቅም፤ ምናልባትም ከተማውን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። እዚያ አንድ የእኛ ሰው ቢኖር፣ መነኻሪያ ወጥቶ ቢቀበለው፣ ለሁለት ሌሊት ምንጣፍ ቢያነጥፍለት! ክፉ ነገር ቢመጣም አስከሬኑን ለማምጣት መኪና የሚያፈላልግ፣ ወረቀቱን የሚያስጨርስ ሰው እዚያው ይገኛል። ይህ ሥራ ከጂንካ ሆነው የሚሠሩት አይደለም።

እኛም በበኩላችን ግዴታ አለብን። መርዶ ሲኖር ለሩቆቹ ይነገር። ልጅ ሲዳር፣ ሰው ከበሽታ ሲድን፣ ይህም ይነገር። ሰው ገንዘብ ሲፈለግ ብቻ የሚደወልለት ከሆነ ስልኩን ማንሣት ይተዋል፤ እኛም ብንሆን እንተዋለን። ይህች የዓመት መጽሔታችንም በሰው እጅም ይሁን በስልክ ፎቶ ተነሥታ ትድረሳቸው።

አንድ የምንፈራው ነገር ስላለ ይመዝገብልን። ወደፊት ከውጭ አገር ብዙ ገንዘብ የላከ ሰው «እንግዲያው ዳኛውን እኔ ልምረጥ» ይል ይሆናል። አይሆንም። ውሳኔው ጉድጓድ በሚቆፍረውና ንፍሮ በሚቀቅለው ሰው እጅ ይቆይ። ይህ በደንቡ ላይ ከአሁኑ በግልጽ ካልተጻፈ ኋላ ጠብ ያመጣል።

ከዚህ በተረፈ ሥራው የጽሕፈት ሥራ ነው፤ ለዚያ እኛ አለን። ብቻችንን ግን አንችልም፤ ዓይናችንም ደክሟል፣ አዲሱ ስልክም አይታዘዘንም። በፊተኛው አግዳሚ ከተቀመጡት ልጆች ሁለቱ ከእኛ ጋር ይመደቡልን፤ አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት። ተራ ቁጥር አራትም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለሦስት ወር ይቆይልን። በነዚህ ሦስት ወራት እያንዳንዳችሁ ከየቤታችሁ የሄደውን ሰው ስም፣ ያለበትን ከተማና ስልኩን ይዛችሁ ኑ። ደብተሩ ዘወትር ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ፣ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ የእኛው ሁልጊዜ ይወሰዳል።