አብሮ መሸከም፣ አብሮ መስመጥ



ቦርከና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርድ ደቃቁን አፈር ይዞ ይመጣና ሜዳው ላይ ይጥለዋል። ዙሪያችንን የከበቡት ተራሮች ደግሞ የባዝልት ድንጋይ ናቸው። እንግዲህ ደካማው አፈር ከእግራችን በታች፣ ጠንካራው ድንጋይ ከራሳችን በላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ብልሃት የጠጠር ዓምድ ይባላል።

ሥራው እንዲህ ነው። ለስላሳው ሸክላ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጉድጓድ ይበሳል፤ የተፈጨ ድንጋይ እየተጨመረበትም ይጠቀጠቃል። ሲሚንቶ የለበትም። ታዲያ ጠጠሩ እንዳይበተን የሚይዘው ምንድን ነው? ያው ደካማ ያልነው አፈር ነው! ጭነት ሲመጣበት ዓምዱ ወደ ጎን ያብጣል፤ አፈሩም አቅፎ ያግደዋል። ሂዩዝና ዊዘርስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. እንዳሳዩት፣ እብጠቱ የሚታየው ከአናቱ አንሥቶ የስፋቱን አራት እጥፍ ያህል እስኪወርድ ነው። ስለዚህ ብቻውን የቆመን ዓምድ ከዚያ እጅግ አስረዝሞ መሥራት የመሸከም ኀይሉን እምብዛም አይጨምርም።

በቡድን ሲቆሙ ግን ነገሩ ይለወጣል። መካከለኛውን ዓምድ ጎረቤቶቹ ስለሚደግፉት ብቻውን ከቆመው ይልቅ ይጸናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ሆኖም ተረቱ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ነው። ሰፊ መሠረት ጭነቱን ወደ ጥልቁ ይሰደዋል፤ ዓምዶቹ አጭር ከሆኑ ከሥራቸው ያለው ሸክላ ይጨመቅና ቡድኑ በሙሉ አብሮ ይሰምጣል። ለአንዱ ትርፍ የነበረው ርዝመት ለቡድኑ ግዴታ ይሆናል ማለት ነው።

አንዱን ዓምድ ፈትኖ ውጤቱን በዓምዶቹ ብዛት ማባዛት እንግዲህ ራስን ማታለል ነው። ፈተናው በሰዓታት ያልቃል፤ ሸክላው ግን ውሃውን እየለቀቀ የሚሰምጠው በወራትና በዓመታት ነው።

ብልሃቱ ለሁሉም አፈር መድኃኒት አይደለም። አፈሩ እጅግ ከላላ፣ ማለት ጥንካሬው ከ15 ኪሎ ፓስካል በታች ከሆነ፣ ጠጠሩን አቅፎ መያዝ ስለሚያቅተው ዓምዱን በጠንካራ ጨርቅ መሸፈን ይሻላል። በበጋ የሚሰነጠቀውና በክረምት የሚያብጠው መረሬም ሌላ በሽታ ነው፤ ጠጠሩ የውሃ መንገድ ስለሚሆን ሊያባብሰው ይችላል።

ጓደኞቻችን ሆይ! ነገ ተመርቀን በየሥራው ላይ ስንፈርም ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ምርመራው ከዓምዶቹ ጫፍ በታች ወርዷል ወይ? የተፈተነውስ ቡድኑ ነው ወይስ አንዱ? አንድ ዓምድ ተፈትኖ ለመቶ ዓምድ አይፈረምም።