ጫካውም ጎረቤቱም እንዲኖሩ

ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ የደንቆሮ ጫካ አለ። በ2001 ዓ.ም. ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የማይገኙ አዕዋፍም ይኖሩበታል።

ነገር ግን የዳሩ ገበሬ ከብቱን የሚያሰማራውም፣ ማገዶ የሚለቅመውም ከዚያው ነው። አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ አውሬው ይኑር፤ የእኔስ ላም ምን ትብላ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ።

በሰሜን ሸዋ የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር ለዘመናት የጠበቀው ራሱ ባወጣው የቄሮ ሥርዓት ነው፤ ለዓመታት ይዘጋው፣ በችግር ጊዜ ከፍቶ ያጭድ ነበር። ስለዚህ «አትግቡ» ከማለታችን በፊት እኚህን እናት እንስማ። የመኖ ሣርና የማገዶ ዛፍ በደጃቸው እንዲተክሉ እንርዳቸው። ያን ጊዜ የጫካው ዘበኛ እሳቸው ይሆናሉ።